ሰማይ ሲታረስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»
ይላል የኛ ብሂል፣ አቤት ባይን ሲመልስ።
ኤርሲሊያ ቫኑቺ ብሂሉን አታውቅም፤
ብታውቀው ግን ኖሮ፣ በዋዛ አትስቅም፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ታርሷል» ትል ነበር፣ ቀኑን ከወሩ ነጥላ።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ ሮም ውስጥ፣ ምድር ቤት ወርዳ፣
ከተሰበረ እብነ በረድ ላይ ፊደል ስትቀዳ።
ምሳዋ አንድ ብርቱካን፣ ልጣጩ መዝገቡ ላይ፤
መስኮት በሌለው ክፍል የምታጠናው ሰማይ።

ተማሪዎቿ ዘንድሮ አራት ናቸው፤
አንደኛው የመጣው ማሞቂያው ስቦት ነው፤
እሷም ታውቃለች፤ ገልጣ አታሳፍረው።

«ካህኑ ኮረብታ ላይ ይቀመጣል፣ ቆልማማ ዘንግ ይዞ፣
ሰማዩን ይተልማል፣ እንደ ማሳ መዝዞ፤
ይህ የግራ፣ ያ የቀኝ፣ ይህ የመብረቅ ድርሻ፤
ከዚያ ይጠብቃል፣ የአንዲት ወፍ መምጫ፣ የአንዲት ወፍ መሸሻ።
ወፏ ምን ታውቃለች? ጥሬ ነው ያማራት።
ሕዝቡ ግን ታች ቆሞ፣ አንጋጦ ሲያያት፣
ድምፁን በሰም ሰሌዳ ጽፎ፣
ሰሙ እሱ ዘንድ ነው፤ ወርቁ ላይ ቀርቷል፣ ከወፍ ጋር ከንፎ።
አንድ ሹም ብድግ ብሎ ‹ሰማዩን እያየሁ ነው› ካለ፣
ጉባኤው ተበተነ፤ ሕጉ ሳይጸድቅ ዋለ።
ልብ በሉ፣ ምንም አላየም፤ ማየቱን ብቻ ነው የተናገረ፤
ደመና በሌለበት መብረቅ በቃል ተፈጠረ።»

«ከታረሰ በኋላስ ምን በቀለ?»
አለ ያ ማሞቂያ ፈላጊ፤ እጁን ከብረቱ ሳይነጥል፣ እንደዋለ።

ብርቱካኗን ላጠች።
«ንጉሥ» አለች።
«አንድ ቀን ዘንጉን ከካህኑ እጅ ተቀብሎ፣
ራሱ አራሽ፣ ራሱ አጫጅ፣ ራሱ ወፍ ነኝ ብሎ።»

ኅዳር ላይ፣ ማክሰኞ፣ የፋኩልቲው ጉባኤ ዋለ።
ዲኑ ደወል መቱ፤ ማንም ግን አልተንጫጫ፣ ማንም ቃል አላለ፤
ደወሉ እንደ ጥንቱ ዋሽንት ነው፣ መሥዋዕት ሲታረድ
ክፉ ድምፅ እንዳይሰማ ከላዩ የሚጋረድ።
«አራተኛ፤ የጥንት ጽሑፎች ክፍል ከጥር ጀምሮ ይዘጋል።
ተቃውሞ?» አሉ፤ ብዕራቸው ቀድሞ «የለም» ብሎ ጽፏል።

ኤርሲሊያ ተነሣች። ሻርፗን ስባ
ራሷን ሸፈነች፤
ወደ መስኮቱ ዞራ
«ሰማዩን እያየሁ ነው» አለች።

አንዱ ሳለ። አንዷ ስልኳን ገለበጠች።
ዲኑም ለስለስ ብለው፣ በሽተኛ እንደሚያባብሉት፣
«ፕሮፌሰር፣ ውጭው እኮ ብራ ነው» አሏት።
«ብራ መሆኑንም ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩት።»

አሥራ አንድ እጅ ወጣ፤ ብዕሩ እንዳለው ተፈጸመ።
አመዴኦ ብቻ፣ ውሃ ሊቀዳ የገባው ዘበኛ፣
ትምህርቷን ከበር ኋላ ሃያ ዓመት የለቀመ፣
ጠርሙሱን አስቀምጦ፣ ቆቡን ከኪሱ አውጥቶ፣
ራሱን ሸፍኖ ቆመ።

ቅዳሜ በባቡር ሪዬቲ ሄደች፣ እኅቷ ዲሊያ ዘንድ።
ዲሊያ ምንም አልጠየቀች፤ አንድ እፍኝ በቆሎ ሰጠቻት፣
«ለዶሮዎቹ በትኝላቸው» አለቻት።

ጓሮው ጭቃ ነው። ዶሮዎቹ እየተጋፉ መጡ፤
አንዲት አንገተ መላጣ ቀይ ግን ራቅ ብላ ቆመች።
ዶሮ ካልበላች የሮማ ጦር ከሰፈሩ አይነቃነቅም ነበር፤
ጠባቂው ታዲያ ከዋዜማው ያስርባት ነበር።
«አስርበሻት ነው?» አለች ኤርሲሊያ።
«ማንን?» አለች ዲሊያ፣ ልብስ እያሰጣች።

ቀይዋ ቀረበች። አንዴ ጫረች።
አንዴ ለቀመች።
ከአፏም አንዲት ፍሬ አምልጣ ጭቃው ላይ ወደቀች።

በመጻሕፍቱ፣ ከዚህ የሚበልጥ በጎ ምልክት የለም።
ለማን ነው? ለየትኛው ዘመቻ? ማንም አልጠየቀም።
ኤርሲሊያ ግን ቆጠረች፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ፤
ቆጥራም አፍራ፣ ፍሬዋን በጫማዋ ጫፍ
ወደ ዶሮዋ መለሰቻት፣ ቀስ ብላ።
ቀና አላለችም። ከራሷ በላይ ቁራ ይሻገር ነበር፣
ትልም በሌለው ሰማይ፣ ከየትም ወደ የትም።